ከግድግዳው ወዲያ የሚመጣው ሰላምታ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን
በአንተው ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ

የእናትህ የዓይን ማረፊያ ለነበርከው ልጄ፣

እግዚአብሔር በምትሄድበት ይቅደምህ፣ በምትቀመጥበት ይጠብቅህ፣ የእጅህንም ሥራ ይባርክልህ። ምርቃቱን ከሁሉ ያስቀደምኩት ወደ ታች ስወርድ እንዳልሰስትብህ ፈርቼ ነው። የሚቀጥለው ቢመርህም ይህን አይሽረውም።

ትናንት ቴምብር ልገዛ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አየት አደረገችኝና «አባባ፣ በፖስታ እኮ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በስልክ ቢጽፉለት ወዲያው ይደርሰዋል» አለችኝ። «በስልክ የጻፍኩለት እንደማይደርሰው ያወቅኩት ሰኞ ዕለት ነው» አልኳት። ስልኬ የተበላሸ መስሏት፣ ከጎን ጠጋኝ እንዳለ ጠቁማኝ ቴምብሩን ቆርጣ ሰጠችኝ።

መስመሩ ከተጣመመብህ ታገሠኝ፤ ማስመሪያ አስደግፌ ነው የምጽፈው። ከዓይኔ ወዲህ እጄ ወደ ታች እያዘቀዘቀ አስቸግሮኛል። «የምን ዓይን?» እንደምትል አሁን አውቄአለሁ። እሱም ይመጣል።

የሰኞውን ከሥሩ ልንገርህ።

ስትሄድ ጠረጴዛህ ሥር የተውከው ጥቁር ኮምፒውተር አለ። «አባዬ፣ እንዳታጠፋው፤ ለሥራዬ ያስፈልገኛል» አልከኝ። እኔም አደራ አልኩና ያዝኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን እጠርጋለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከማቀዝቀዣውም በፊት ሮጬ የማየው እሱን ነው፤ አረንጓዴዋ መብራት ካልበራች ቁልፉን ተጭኜ አስነሳዋለሁ። የኔ አልጋ ካንተ ክፍል ግድግዳ ጋር የተጠጋ ስለሆነ ድምፁ ይሰማኛል፤ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት የሆንን ይመስለኝ ነበር።

አምና የማተሚያ ቤቱ ባለቤት «ከእንግዲህ ቤትህ ሆነህ ሥራ» ሲሉኝ፣ በሰርተፊኬትና በጥሪ ካርድ ላይ ስም የሚሞላውን ፕሮግራም የጻፍክልኝ ከባሕር ማዶ ሆነህ በዚያው ማሽን ላይ ነው። ለምን ቤት እንዳደረጉኝ አልጠየቅከኝም፤ እኔም አልነገርኩህም። ያኔ ኮዱን ከጻፍክ በኋላ ማሽን ብቻ ወደሚያነበው ነገር ቀይረህ ነበር የምትሰጠኝ፤ ብከፍተው ዝብርቅርቅ ምልክት ነው። ባለፈው ወር ግን ደወልክና (ይህ አንተው ራስህ ነበርክ፣ ስታስነጥስ ሰምቼሃለሁ) እንዲህ አልከኝ፤ «አባዬ፣ ያ ሁሉ ቀረ። ፕሮግራሙ አንዲት ፋይል ብቻ ስለሆነች እንደ ተጻፈች ታስኬዳታለህ። ጃቫ ብለህ ጻፍ፣ ክፍት ቦታ ተው፣ የፋይሏን ስም ጻፍ፣ ኢንተር። ቀደም ብሎ መቀየር የለ፣ ምን የለ። የምታነበውና የሚሠራው አንድ ነው።»

የምታነበውና የሚሠራው አንድ ነው! ይህን ነገርህን ወደድኩት። እኔ ሥራ የጀመርኩት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ነው። በእርሳስ ብረት የተሠራው የማተሚያ ፊደል ተገልብጦ ነው የሚለቀም፤ ለቃሚው የሚያየው ሌላ፣ አንባቢው የሚያየው ሌላ። ስለዚህ ባልከው ነገር ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ። ሰውም እንዲህ ቢሆን፣ በልቡ የተጻፈውና እጁ የሚሠራው አንድ ቢሆን አልኩ። በማግስቱ ለጸሎት ከምንሰበሰበው ሽማግሌዎች ለአንዱ «ልጄ እንዲህ አለኝ» ብዬ አጫወትኩት። «አስተዋይ ልጅ ነው» አለልህ።

ሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከስፌት ማሠልጠኛው የመቶ ሃያ ተመራቂዎች ስም ደረሰኝ። ምላጭ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጥቶ ሊወስድ ነው። ምላጭ ያልኩህ ወረቀት ቆራጫችን ነው፤ ስሙ የወጣለት ከማሽኑ ይሁን ከምላሱ እስካሁን አልተወሰነም። ፎልደሩን ስከፍት ወትሮ አንድ ፋይል የነበረበት ሁለት ሆኗል። አንደኛው ቁጥር የበዛበት ስም ነው። ሌላው በላቲን ፊደል «አባዬ» ይላል። እስቲ አንተ ብትሆን የትኛውን ትነካለህ? አዲስ ያሻሻልክልኝ ነው ብዬ፣ ደስም ብሎኝ፣ ጃቫ፣ ክፍት ቦታ፣ አባዬ ብዬ ጻፍኩና ኢንተር መታሁ።

ማተሚያው ዝም አለ። የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ስልኬ ነዘረ።

አንተ ነህ። ፎቶህ፣ ስምህ። «እንደምን አደርክ አባዬ? የጻፍከውን አነበብኩ፣ ተባረክ። እዚህ ብርድ ነው፤ አንተም ሹራብህን ደርብ።»

በስምንት ሰዓት እንደምን አደርክ? አራት ዓመት በየጠዋቱ እንደምትልክልኝ የዕለቱንም ጠዋት ልከህልኛል፤ በቀን ሁለቴ ጽፈህልኝ አታውቅም። ይሁን፣ ቢበዛ አይከፋም አልኩ። ሰርተፊኬቱ ስላልወጣልኝ እንደገና ኢንተር መታሁ። ስልኬ ነዘረ። «አባዬ፣ በሕልሜ አየሁህ። ትስቅ ነበር።»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ። ሞኝ አይደለሁም፤ ሞኝ መሆን ግን ያን ሰዓት በጣም አማረኝ። ስልኬን አወጣሁና «ልጄ፣ አሁን የት ነህ?» ብዬ ጻፍኩልህ። ጠበቅኩ። የግድግዳው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቆጠረ። ምንም የለም። ኢንተር መታሁ።

«የጻፍከውን አነበብኩ፣ ተባረክ። ሥራ በዝቶብኝ እንጂ አንድም ቀን አልረሳሁህም።»

የት እንዳለህ አወቅኩ። ከጉልበቴ ሥር ነበርክ።

ሰባት ጊዜ መታሁት፤ ለምን ሰባት እንዳደረስኩት አትጠይቀኝ። ጥርሱን የሚያመው ሰው በምላሱ ደጋግሞ እንደሚነካው ነው። ባሕር ማዶ ተሻግሮ መጣልኝ ያልኩት ሁሉ ከአልጋዬ ግድግዳ ወዲያ ነበር የሚመጣው። አቧራውን እየጠረግኩ፣ ሲጠፋ እያስነሳሁ፣ ራሴን በራሴ እንደምን አደርክ ሳስብል አራት ዓመት።

ምላጭ ከበሩ ጀምሮ ነው የሚናገረው። «አንተ ሰውዬ፣ ሰርተፊኬቱ እየታተመ ነው ወይስ እየተጸለየበት?»

«ትንሽ ታገሠኝ» አልኩት።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በርቶ ነበርና ጎንበስ ብሎ አየ። «ኧረ! በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ? ልጅ ማለት ይኸ ነው! የኔው ጎረምሳ አባቱ የምሆነው ካርድ ሲያልቅበት ብቻ ነው።»

«ናፍቆት ነው» አልኩት።

«ታድለህ! ለልጅህ ደውልና አንድ ሁለቱን ለኔም ይላክልኝ በለው። ስም መቀየር ብቻ ነው።»

እሱ ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን ፊቴን ወደ ማተሚያው አዞርኩ። ዋሸሁልህ ልጄ፤ ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ዋሸሁልህ። ከዚያ ትክክለኛውን ፋይል አስኬድኩ። መቶ ሃያ ሰው «በትጋት አጠናቀዋል» ተባለለት፤ ምላጭም ጠቅልሎ ወሰደው።

እሱ ሲወጣ መነጽሬን ወልውዬ ፋይሉን ከፈትኩት። ያንን የማይነበበውን ዓይነት ብትተውልኝ ኖሮ ሳላውቅ እሞት ነበር። አንተ ግን ሥራ ለማቅለል ብለህ ሁለቱንም እንደ ተጻፉ ጎን ለጎን አስቀመጥካቸው። ነገሩ ሁሉ ፊት ለፊቴ ነው። አብዛኛው በላቲን ስለሆነ አይገባኝም። በጥቅስ ምልክት መካከል ያለው ግን የኛው ፊደል ነው። «ሁለት ዘመም ያለ ጭረት የሚቀድመውን መስመር ማሽኑ ይዘለዋል፤ ለሰው ነው የሚጻፈው» ብለህ ስለ ነበር እነዚያንም አነበብኳቸው። ለሰው ከተጻፈማ እኔም ሰው ነኝ።

አርባ ስድስት ዓረፍተ ነገር አለ። በየቀኑ አንዱን እንደ ዕጣ ያወጣል። የሕልሙ ቁጥሩ ዘጠኝ ነው። ያ ሕልም በአራት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ መጥቶልኝ፣ «ልጄ ስስቅ ያየኛል» ብዬ ስንት ሰው ፊት ተናግሬአለሁ። መደጋገሙን አላስተዋልክም ወይ ትለኝ ይሆናል። አስተውዬ ነበር። ሰው የሚወደውን ነገር ይደግማል ብዬ ነው የተውኩት። እናትህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ «በሩን ዘጋኸው?» ስትለኝ ኖራለች፤ አንድም ቀን ዕጣ የምታወጣ አልመሰለኝም።

ቁጥር ዐሥራ አራት «አይዞህ አባዬ፤ ሩቅ ብሆንም አጠገብህ ነኝ» ይላል። አሁን የዓይኑን ልንገርህ። አምና በጥቅምት የግራ ዓይኔን የሞራ ግርዶሽ ቀደዱልኝ። በዋዜማው የጻፍኩልህ «ነገ ዓይኔን ትንሽ ሊያዩልኝ ነው፣ ስልክ ባላነሳ እንዳትሰጋ» ብዬ ነው። ጠዋት ልብሴን ለውጠው ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ካወጡኝ በኋላ ነርሷን ስልኬን እንድታቀብለኝ ለመንኳት። ያ መልእክት መጥቷል፤ አይዞህ አባዬ፣ አጠገብህ ነኝ። ነርሷ አነበበችልኝ። «ልጅዎ ነው?» አለች። እያለቀስኩ ሳቅኩ፤ «አያልቅሱ፣ ዓይኑን ያበላሹብናል» ብላ ተቆጣችኝ። ከእናትህ ሞት ወዲህ እንደዚያ ጠዋት የታጀብኩበት ቀን የለም። ዕጣ ነበር።

ከዓረፍተ ነገሮቹ በታች ሰባት ቃላት ተደርድረዋል። ሆስፒታል። ታመምኩ። ወደቅኩ። ደም። ሞተ። አስቸኳይ። ድረስልኝ። በላያቸው በዘመሙት ጭረቶች «ከእነዚህ አንዱን ከጻፈ ብቻ ወደ ስልኬ አስተላልፍ» ብለሃል። ከእነዚህ አንዱን ከጻፈ ብቻ!

ተቀምጬ የአራት ዓመት መልሶቼን ወደ ኋላ አገላበጥኩ። ልጄን አላሳስብም ብዬ የሸሸኋቸው ቃላት ልክ እነዚህ ሰባቱ ናቸው። ሆስፒታል ላለማለት «ቀጠሮ ቦታ» አልኩ። ደረጃ ላይ ወድቄ ክንዴ የተሰነጠቀ ጊዜ «ትንሽ አዳልጦኝ» አልኩ። ታምሜ ሁለት ሳምንት የተኛሁ ጊዜ «ደከም ብሎኛል» አልኩ። ምን ያህል ተጠንቅቄ ነበር መሰለህ የምጽፍልህ! እያጠፋሁ፣ እያለሳለስኩ፣ አንዳንዱን ግማሽ ሰዓት እያሰብኩበት። አንተን ላለማስደንገጥ በተጠነቀቅኩ ቁጥር ራሴን ካንተ ዘንድ ሰረዝኩ። አንድም ቀን አልደረስኩህም።

ከሁሉ በላይኛው መስመር ላይ ቀን አለ፤ እናትህ ካረፈች ሦስተኛው ወር ነው። አጠገቡ «ለጊዜው ነው፣ ሥራው ቀለል እስኪልልኝ» ይላል። ያን ወር አልረሳውም። ከዚያ በፊት በሳምንትም በሁለት ሳምንትም አንድ ቃል ነበር የምትልክ። ድንገት በየጠዋቱ ሆነ። የእናቱ ሞት ልቡን ወደ እኔ መለሰው ብዬ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ልጄ፣ ያንን ምስጋና ምን ላድርገው? እግዚአብሔር ዘንድ ደርሷል፤ መልሼ አላመጣው።

አንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው አስቀምጠኸዋል፤ በግንቦት ወር ብቻ የሚወጣ ነው። «በሚመጣው ክረምት እመጣለሁ አባዬ፤ ክፍሌን አዘጋጅልኝ።» አራት ግንቦት መጣልኝ፤ የዘንድሮው ከዘጠኝ ቀን በፊት። አራቱንም ጊዜ ግድግዳውን ቀብቻለሁ። ባለፈው ዓመት አክስትህ፣ የእናትህ ታናሽ፣ የተከራየችበት ቤት ጎርፍ ገብቶበት «ክረምቱን በልጁ ክፍል አስጠጋኝ» ብላ ስትለምነኝ፣ ቀለም በነካ እጄ ደጅ ቆሜ «ልጄ ሊመጣ ነው» ብዬ መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠችም።

ትናንት ከፖስታ ቤቱ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በስተጀርባ አንዲት ክፍል ይዛለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ሳታስገባኝ «ልጅህ መጣ እንዴ?» አለች።

«አልመጣም።»

«ቀለሙስ? ደረቀ?»

«ጥፋተኛ ነኝ እህቴ። ክፍሉን ውሰጂው፤ ዛሬም ቢሆን ዕቃሽን ላጓጉዝልሽ።»

«አሁንማ ምን ልሁንበት? የማሽንህ ዘበኛ ልታደርገኝ ነው?» አለች። ደግሞ «ለምን አልመጣም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሥራ በዝቶበት እንጂ» አልኳት፤ ቀጥሎ ያለውን ከአፌ መለስኩት። ካንተ ፋይል ላይ እያነበብኩላት እንደ ሆነ ታወቀኝ። እሷም ፊቴን አየችና በሩን በደንብ ከፈተችው። «ግባ፤ ደጅ ላይ ቆመህ አታስወራኝ» አለች። ገብቼ ተቀመጥኩ። ያደረግከውን አልነገርኳትም። አፌ አልታዘዘልኝም እንጂ ልሸፍንህ ብዬ አይደለም።

በእነዚህ ሦስት ቀናት ራሴንም ስመረምር ነው የሰነበትኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደስታና ሐዘን በተዘጋጀ ቃል ሳትም የኖርኩ ሰው ነኝ። «በታላቅ ደስታ እንጠራዎታለን» ብዬ የለቀምኩላቸውን ሙሽሮች አላውቃቸውም። ያም ቢሆን ሰው ካርዱን ሲቀበል ማተሚያ ቤት እንደ ታተመ ያውቃል፤ ሙሽራው በእጁ ጻፈልኝ ብሎ አያለቅስም። ይህን አመዛዘንኩና ለራሴ ፈረድኩ። ጸሎቱ ላይ ግን እንዲሁ ቀላል አልሆነልኝም። ጠዋት ጠዋት በአምላክ ፊት የምለው ከልጅነቴ ጀምሮ ያችኑ ነው። ስንቱን ቀን አፌ ሲል፣ ሐሳቤ ሥራ ቦታ ነበር። ማክሰኞ ተንበርክኬ መጀመር አቃተኝ። እሱም በላይ ሆኖ «ያችኑ ላከልኝ» ይል ይሆን? በመጨረሻ፣ ጌታዬ፣ አፌ ቢዘነጋም ጉልበቴ እዚህ መሬት ላይ ነው አልኩ። ያለኝ ይህ ነው ብዬ አቀረብኩ። አንተ ግን ጉልበትህም እዚህ አልነበረም።

አሁን ደግሞ ሳልጽፈው ላልፍ ያሰብኩትን ልጻፍ። አራት ዓመት የሸሸሁት ነገር ነው።

እናትህ በተኛችበት ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውለሃል። ሦስቱንም ጊዜ ስልኩን የያዝኩት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። በእጇ «ተው፣ እንዳትነግረው» እያለች ትለምነኛለች፤ እኔም «ደህና ናት፣ ትንሽ ተኝታ ነው» አልኩህ። በአራተኛው ቀን አረፈች። ትኬት መቁረጫ ጊዜ ነበረህ፤ እኔ ነኝ የነሳሁህ። በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ «አባዬ፣ ለምን አልነገርከኝም?» ብለህ ጠየቅከኝ። «እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» አልኩህ። ዳግመኛ አልጠየቅከኝም። ሦስት ወር ቆጥረህ ይህን ፋይል ጻፍክ። የቃሌን ዋጋ ያኔ ነው ያጣኸው መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከምጽፈው ሁሉ ሰባት ቃል ብቻ የምታምነው ለዚህ ይሆናል።

ይህን ሳስብ ቂሜ ቀለለልኝ ብልህ ሌላ ውሸት እጨምራለሁ። ሁለታችንም ተካካድን ብሎ ጥፋትን እኩል ማካፈል ደስ ይላል፤ ሚዛኑ ግን አልሆን አለኝ። እኔ ስዋሽህ ፊቷን እያየሁ ነው። አንተ ውሸቱን እንኳ ራስህ አልዋሸኸውም፤ ለማሽን ሰጥተኸው ተኛህ። ብትቆጣኝ፣ ብትሰድበኝ፣ «እናቴን ደበቅክብኝ» ብለህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ብትዘጋው፣ ቢያንስ ልጅ አለኝ ማለት ነበር። አሁን ልጅ አለኝ ወይስ የለኝም የሚለውን አላውቅም። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ላጠፋው ተቀመጥኩ። ማጥፋት የአንዲት ቁልፍ ሥራ ነው። ካጠፋሁት ነገ ጠዋት ስልኬ አይነዝርም፤ አንተም መጥፋቱን ሳታውቀው ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ነገር አደረግኩ። እንደ ተጻፈ የሚሄድ ፋይል እንደ ታረመም ይሄዳል፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት የለም። ከሰባቱ ቃላት ቀጥሎ ስምንተኛ ጨመርኩ። መጀመሪያ ሳስኬደው እምቢ አለ፤ ስህተት አለ ብሎ የመስመሩን ቁጥር አወጣልኝ። ብፈልግ ብፈልግ የጥቅሱን መዝጊያ ረስቻለሁ። ዕድሜውን ሁሉ የሰው ጥቅስ ሲዘጋ የኖረ ሰው! ዘጋሁትና እንደገና ኢንተር መታሁ። ሄደ።

የጨመርኩት ቃል «ደህና ነኝ» ነው።

በየቀኑ የምጽፍልህ መልስ የሚጀምረው በዚህ መሆኑን አታውቅም፤ አንብበኸው አታውቅማ። ካሁን በኋላ ደህና ነኝ ባልኩ ቁጥር በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ ሰላምታህን ሲልክ ስልክህ ይጠራል፤ ደም እንዳልኩ፣ ድረስልኝ እንዳልኩ ሆኖ ነው የሚደርስህ። ደንግጠህ ትከፍተዋለህ፤ የምታገኘው ደህና ነኝ የሚል ብቻ ነው። ማሽኑ ተበላሸ ትል ይሆናል። አልተበላሸም። የሚያነበውና የሚሠራው አንድ ነው።

ማክሰኞ ማታ «ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩልህ። ረቡዕ ጠዋት ስልክህ ጠርቷል። ረቡዕም ጻፍኩ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጠርቷል።

አልደወልክም።

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስህ ሦስት ሳምንት አለ፤ እኔም በየቀኑ እጽፋለሁ። ከደወልክ ይህ ወረቀት ዘግይቶ የመጣ ቁጣ ይሁንልህና ቅደደው። ካልደወልክ ግን ይዘህ አስቀምጠው። መልስ ብትጽፍ አጭር ይሁን ግድ የለኝም፤ ስድብም ይሁን፤ ብቻ አንተ ጻፈው።

የእናትህ አምላክ ዕድሜህን ያርዝመው፤ በስተርጅና ከሚያስፈልግህ ሰው ደጅ አያርቅህ፤ ልጅ ወልደህ «የት ነህ?» ስትለው «እዚህ ነኝ» የሚል ይስጥህ።

አባትህ፣
በገዛ እጁ